ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ለክርስቲያናዊ ኑሮ ትምህርት ስለ መቅሰም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ኅብረት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከሌሎች ምእመናን ጋር ሳነብ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በየጊዜው ሲነሡ የሰማኋቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን እኔው ራሴ ስጠይቃቸው ኖሬአለሁ። መልሶቹ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም ትምህርቱ ከክፍሉ ውስጥ የሚወጣ እንጂ እኛ አስቀድመን ይዘን ገብተን መልሰን የምናወጣው አይደለም የሚለው ነው።

ከአንድ ክፍል ትምህርት መቅሰም ሲባል ምን ማለት ነው? ክፍሉን ከመረዳትስ በምን ይለያል?

መረዳት ማለት ክፍሉ አስቀድሞ ለሰሙት ሰዎች ምን እንዳለ ማወቅ ነው። ትምህርት መቅሰም ደግሞ ያ የተባለው ነገር ዛሬ በእኔ ቤት፣ በሥራዬ፣ በአንደበቴና በገንዘቤ ላይ ምን እንደሚል መስማት ነው። ሁለቱ የሚነጣጠሉ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ቅደም ተከተል አላቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀድም ሰው የገዛ አሳቡን በእግዚአብሔር ስም ይናገራል።

ይህን ሥርዓት በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ከሐዋርያው ጳውሎስ መማር ይቻላል። ጳውሎስ በመጀመሪያ እስራኤል በምድረ በዳ የሆነውን ይተርካል፤ ሁሉም ከደመና በታች እንደ ነበሩ፣ ሁሉም በባሕር መካከል እንደ ተሻገሩ፣ ሁሉም ያንኑ መንፈሳዊ መብል እንደ በሉ፣ ነገር ግን ከእነርሱ የሚበዙት በምድረ በዳ እንደ ወደቁ ይናገራል። ከዚህ በኋላ ነው «ይህም ሁሉ እንደ ምሳሌ ሆነባቸው፥ እኛንም የዘመናት መጨረሻ የደረሰብንን ሊገሥጸን ተጻፈ» የሚለው። ትምህርቱም በደፈናው «በእግዚአብሔር ታመኑ» የሚል ሆኖ አልቀረም፤ ጣዖትን ማምለክን፣ ዝሙትን፣ ጌታን መፈታተንንና ማንጐራጐርን በስማቸው ይጠራል፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን የሚቀበሉት የቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት የተሠዋን ሥጋ ስለ መብላት ይከራከሩ ነበርና ነው። የጥንቱ ታሪክና የአንባቢው ኑሮ የሚገናኙበትን ቦታ ሐዋርያው ፈልጎ አገኘው እንጂ በግድ አላገናኛቸውም።

በቀን ስንት ምዕራፍ ማንበብ አለብኝ? ከየትስ ልጀምር?

ቁጥሩ አያስጨንቅዎ። ለጀማሪ የማርቆስ ወንጌል ጥሩ መነሻ ነው፤ 16 ምዕራፎች ብቻ ስላሉት በአንድና በሁለት ቀን ሙሉውን አንብቦ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀስ እያሉ ክፍል በክፍል ማሰላሰል ይቻላል። ከመልእክታት ደግሞ አራት ምዕራፍ ያለው ፊልጵስዩስ በአንድ ጊዜ ይነበባል። በጥሞና ጊዜ አንድን ክፍል ሦስት ጊዜ ማንበብ ሦስት ምዕራፎችን አንድ ጊዜ ከማንበብ የበለጠ እንደሚጠቅም በራሴ አይቻለሁ።

አንድ ክፍል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንዴት አውቃለሁ?

የምዕራፍና የቁጥር ክፍፍሉ የመጻሕፍቱ ጸሐፊዎች ሥራ አይደለም። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ለነበረው ለእስጢፋኖስ ላንግተን የሚሰጥ ሲሆን የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ ሮበርት ኤስቲየን የተባለ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን የመጣ ነው። ጥቅስ ለማግኘት እጅግ ይረዳናል፤ ሐሳብ የሚቆምበትን ቦታ ግን ሁልጊዜ አያሳይም። ስለ መከራ የሚቀበለው የእግዚአብሔር ባሪያ የሚናገረው የኢሳይያስ ክፍል በምዕራፍ 53 መጀመሪያ ሳይሆን በ52፥13 ይጀምራል። «እኔ ክርስቶስን እንደምመስል እኔን ምሰሉ» የሚለው 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥1ም ከምዕራፍ 10 መጨረሻ ጋር ሲነበብ ነው መልኩ የሚታየው፤ በዚያ ጳውሎስ የራሱን ጥቅም ሳይሆን የብዙዎቹን እንደሚፈልግ ተናግሯልና፣ ምሰሉኝ የሚለው በዚህ ነገር ነው። ስለዚህ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ከዚህም በኋላ» የሚሉ ቃላትን ሲያዩ ቆም ይበሉ፤ ከምን ጋር እንደሚያያይዙ ሳይጠይቁ አይለፉ።

የሚያጽናናኝን አንድ ጥቅስ ብቻ ይዤ ብኖር ምን ችግር አለው?

ይህን የምመልሰው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ሥራውን ያጣ አንድ ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ ኤርምያስ 29፥11ን አነበብሁለት፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» በቅርቡ በሩ ይከፈትልሃል ብዬም ጨመርሁ። እርሱ ዝም ብሎ ሰማኝና መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር አነበበ። ከዚያም «እዚህ ሰባ ዓመት ይላል እኮ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያንን ጥቅስ በቃሌ የያዝሁት ቁጥር 10ን ሳላይ ነበርና።

በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ተመልሼ ምዕራፍ 28ንና 29ን አብሬ አነበብሁ። ምዕራፍ 29 ንጉሡ ኢኮንያን ከተማረከ በኋላ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ተናግሯል፤ ያ ትንቢት ሁሉም ሊሰማው የሚወድደው ነበር፤ ከእግዚአብሔር ግን አልነበረም። የኤርምያስ ደብዳቤ የሚያዝዘው ሌላ ነው፤ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አታክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ ይላል። የተስፋው ቃል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤውን በሙሉ ዕድሜው ሆኖ ከተቀበለ ሰው አብዛኛው ወደ አገሩ ሳይመለስ በባቢሎን የሚሞት ነበር።

ታዲያ ጥቅሱ ማጽናናቱን ተወ ማለት ነውን? አይደለም፤ እንዲያውም የበለጠ ጸና። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም አሳብ መሆኑ መከራው ስላጠረ አይደለም፤ መከራው ረጅም ሆኖ ሳለ ነው። ያን ቀን ለወዳጄ የሰጠሁት የሐናንያን ትንቢት በኤርምያስ ቃል ሸፍኜ ነበር። ክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት ግን የመጠበቂያው ዘመን ባክኖ የሚቀር ዘመን አለመሆኑ፣ እየጠበቁ ቤት መሥራት፣ መትከል፣ አብሮ ለሚኖረው ሰው በጎ ማሰብም የእምነት ሥራ መሆኑ ነው። ይህን ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ነገርሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ፊልጵስዩስ 4፥13ም እንዲሁ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት ሁለት ቁጥሮች መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ስለ መቻል ይናገራሉ፤ የጻፈውም ሰው በእስራት ላይ ነበር። ጥቅሱን ለፈተና ወይም ለውድድር ድል መፈክር ያደረገ ሰው የተሸነፈ ዕለት ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ከቁጥር 11 ጀምሮ ያነበበው ግን ጥቅሱ የተጻፈው ለዚያችው ዕለት ጭምር መሆኑን ያያል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ሰው ያደረገው ሁሉ ልንከተለው የሚገባ ነውን?

አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚተርከው ነገርና የሚያዝዘው ነገር የተለያዩ ናቸው። መጽሐፈ መሳፍንት ዮፍታሔ በችኰላ ስለ ተሳለው ስእለትና በልጁ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ሲተርክ በዚያው ቦታ ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርዱ የሚሰማው በመጽሐፉ የመጨረሻ ቁጥር ላይ ነው፤ «በዚያም ዘመን በእስራኤል ዘንድ ንጉሥ አልነበረም፤ ሰውም ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር።» ጌዴዎን የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት መጠየቁም የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ የተሰጠ ሥርዓት አይደለም፤ ጌዴዎን እኮ ምልክቱን ከመጠየቁ በፊት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሰምቶ ነበር፤ በዚያ ክፍል የሚደነቀው የእግዚአብሔር ትዕግሥት ነው።

የተነገረ ቃልም ቢሆን ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል። «ጅማሬህም ታናሽ ቢሆንም እንኳ፥ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለው ኢዮብ 8፥7 በምረቃና በሠርግ መልካም ምኞት ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ እናያለን። ቃሉን የተናገረው የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስ ነው፤ ያለውም ልጆቹን ለቀበረ ሰው፣ ንጹሕና ቅን ብትሆን ኖሮ ይህ አይደርስብህም ለማለት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር እነዚህ ወዳጆች ስለ እርሱ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ይናገራል። ከዚህ ክፍል የሚወጣው ትምህርት በእኔ እይታ ስለ ብልጽግና አይደለም፤ በኀዘንተኛ ፊት ተቀምጦ ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ ማለት ምን ያህል እንደሚያቈስል የሚናገር ነው። ሰይጣን እንኳ ጌታን ሲፈትነው ከመዝሙር 91 ጠቅሷል፤ ጌታም ከዘዳግም 6 በተወሰደ ሌላ ቃል መለሰለት። ቅዱስ ቃል መጥቀስ ብቻውን ሰውን ትክክል አያደርገውም።

ከታሪክ ክፍል ትምህርት ማውጣት የሚቻለው እንዴት ነው? በአንድ ምሳሌ ቢያሳዩን።

ማርቆስ 5፥21–43ን እንውሰድ። ከምኵራብ አለቆች አንዱ የሆነው ኢያኢሮስ በጌታ እግር ሥር ወድቆ ልትሞት ስለ ቀረበች ልጁ ይለምናል። ጌታም ከእርሱ ጋር ሄደ፤ ብዙ ሕዝብም እያጋፋ ተከተለው። በመንገድ ላይ ደም ሲፈስሳት አሥራ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ከበስተ ኋላው መጥታ ልብሱን ዳሰሰች፤ ያን ጊዜም ዳነች። ጌታ ግን ቆመ። ልብሴን የዳሰሰው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ዞሮም ይመለከት ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ እኛም እንቁም። ብዙ አንባቢ ወዲያው ወደ ሴቲቱ እምነት ይሮጣል፤ ያም ትክክል ነው። በአንድ የጥናት ምሽት ግን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ያ አባት በዚህ ሰዓት ምን እያደረገ ነው?» ብለው ጠየቁን። ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ናት፤ ሴቲቱ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ሕመም ስላለባት እስከ ማታ ብትጠብቅ አትሞትም፤ ሐኪሙ ግን ቆሞ የነካውን ሰው ይፈልጋል፤ እርስዋም እየተንቀጠቀጠች «እውነቱን ሁሉ» እስክትነግረው ይሰማታል። ያቺ እናት ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ፤ እርሳቸውም ልጅ አስታምመው ያውቁ ነበር።

አሁን ጽሑፉን እንደ ገና ስናነብ ማርቆስ ሁለቱን ታሪኮች ሆን ብሎ እንዳጣመራቸው እናያለን። ሴቲቱ የታመመችው አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ ብላቴናይቱ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ኢያኢሮስ ስለ ልጁ ይለምናል፤ ጌታም ሴቲቱን «ልጄ ሆይ» ብሎ ይጠራታል። ኢያኢሮስ በሁሉ ፊት ስሙ የሚታወቅ የምኵራብ አለቃ ነው፤ ሴቲቱ ስሟ እንኳ አልተጻፈም፤ በዘሌዋውያን 15 ሕግ መሠረት እንደ ርኩስ የምትቈጠር፣ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ የባሰባት ናት። ስለ ኢያኢሮስ የሚለምንለት የገዛ አንደበቱ አለ፤ ለእርስዋ ግን ማንም አልለመነላትም፤ ሆኖም ጌታ ስለ እርስዋ የታላቁን ሰው ጉዳይ አስቆመ። ገና ሲናገርም መልእክተኞች መጥተው ለኢያኢሮስ ልጅህ ሞታለች አሉት። ጌታ የመለሰለት «እመን ብቻ እንጂ አትፍራ» የሚል ነበር።

ትምህርቱ ከዚህ ይወጣል። በመጀመሪያ ስለ ጌታ እንማራለን፤ ለአንዱ መቆሙ ሌላውን መርሳቱ አይደለም። ቀጥሎ ስለ ራሳችን እንማራለን፤ እኛ አንዳንድ ጊዜ ሴቲቱን ነን፣ አንዳንድ ጊዜም የሌላው ጸሎት ሲመለስ ቆመን የምንመለከት ኢያኢሮስን ነን፤ ሁለተኛው መሆን ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። በመጨረሻም ስለ ሥራችን እንማራለን፤ ወደ ትልቅ ጉዳይ ስንጣደፍ መንገዳችንን የሚያስቆመው ስም የለሽ ሰው ራሱ የእግዚአብሔር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ የማይለውንም እንጠንቀቅ፤ የታመመ ሁሉ በዚያው ቀን ይድናል፣ ያልዳነም እምነት ስላጣ ነው የሚል ቃል በውስጡ የለም። ጌታ ብላቴናይቱን ካስነሣ በኋላ የምትበላውን ስጧት ማለቱንም ልብ ይሏል። እንዲህ ያለ ተአምር በተደረገበት ቤት ልጅቷ እንደሚርባት ያሰበው እርሱ ብቻ ነበር።

የብሉይ ኪዳን ሕግጋት ለዛሬ ክርስቲያን ምን ያስተምራሉ?

እንደ ሕግ በቀጥታ የማንጠብቀው ትእዛዝ እንኳ ከበስተ ጀርባው የእግዚአብሔርን ልብ ይገልጣል። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ በዚያ ዘመን ጣራው ጠፍጣፋ ስለ ነበረ ሰዎች ይወጡበት ነበርና ወድቆ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ነው። ዛሬ ጣራው ተለውጧል፤ የእኔ በሆነ ነገር ሌላው እንዳይጐዳ አስቀድሜ መጠንቀቅ አለብኝ የሚለው ግን አልተለወጠም፤ መኪና የሚነዳ፣ ሠራተኛ የሚያሠራ፣ ሐሰት ሊሆን የሚችል ወሬ የሚያስተላልፍ ሰው ሁሉ የራሱን መከታ ሊያስብ ይገባዋል። ጳውሎስም «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን የዘዳግም ሕግ ወስዶ በወንጌል ለሚደክሙ ሰዎች መተዳደሪያ ስለ መስጠት አስተምሮበታል።

ሕጉ በሰው ኑሮ ላይ ሲውል ማየት የሚወድድ ሰው ዘሌዋውያን 19፥9–10ን ካነበበ በኋላ ሩት ምዕራፍ 2ን ያንብብ። ሕጉ የእርሻን ዳርቻ ፈጽማችሁ አትጨዱ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለእንግዳ ተዉት ይላል። ቦዔዝ ግን በሕጉ ልክ አልቆመም፤ ከነዶው መካከል ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ተዉላት ብሎ ጐልማሶቹን አዘዘ።

መጽሐፈ ምሳሌ የሚለው ሁሉ የማይቀር ተስፋ ነውን?

ምሳሌዎች ኑሮ በእግዚአብሔር ፊት በአብዛኛው እንዴት እንደሚሄድ የሚናገሩ የጥበብ ቃላት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቤት ላይ የተፈረመ ውል ተደርገው መወሰድ የለባቸውም። ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ካለ በኋላ በቀጣዩ ቁጥር መልስለት ይላል፤ ጥበቡ የትኛው ለየትኛው ጊዜ እንደሚሆን መለየቱ ላይ ነው። ልጁን በመልካም አሳድጎ ልጁ የጠፋበት ወላጅ፣ ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም በሚለው በምሳሌ 22፥6 ሊከሰስ አይገባውም።

መንፈስ ቅዱስ የሚያስተምረኝ ከሆነ ማብራሪያና ሌላ ሰው ለምን ያስፈልገኛል?

በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። መንፈስ ቅዱስ በቀጥታ ትርጉሙን ሊገልጥለት ይችል ነበር፤ ያደረገው ግን ፊልጶስን ወደ ሠረገላው መላክ ነው። ፊልጶስም «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ያ ታላቅ ባለ ሥልጣን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። መንፈስ ቅዱስና አስተማሪ የሚፎካከሩ አይደሉም። በሌላ በኩል አስተማሪም ሳይመረመር አይቀበሉትም፤ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ራሱን ሰምተው ነገሩ እንደዚህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መርምረዋል፤ ስለዚህም ተመስግነዋል። እኔ የምከተለው ሥርዓት በመጀመሪያ ክፍሉን ራሴ ማንበብ፣ የገባኝንና ያልገባኝን መጻፍ፣ ማብራሪያውን መክፈት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።

ስብከት ስሰማም ሆነ ሳነብ «ይህ ለእገሌ ነው» የሚል አሳብ ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ በሐቅ የተጠየቀ ስለ ሆነ አከብረዋለሁ። የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን ያስገደለው ንጉሥ ዳዊት በዚህ ወጥመድ ተይዟል። ነቢዩ ናታን ብዙ በጎች ያሉት ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ እንዳረደ ሲነግረው ዳዊት ፈጥኖ ተቈጣ፤ ያን ያደረገው ሰው የሞት ልጅ ነው ብሎም ማለ። ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ሲመስለው ፍርዱ ፈጣንና ትክክል ነበር። ከዚያም «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል መጣ። ዳዊት መልስ አላበዛም፤ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ።

ስለዚህ የሌላ ሰው ስም ወደ አሳብዎ ሲመጣ አሳቡን ለማባረር ብቻ አይታገሉ፤ ስለዚያ ሰው በአጭሩ ይጸልዩና ያንኑ ዐረፍተ ነገር በራስዎ ስም መልሰው ያንብቡት። በሌላው ላይ ፈጥኖ የታየን ጥፋት ብዙ ጊዜ ከራሳችን ስለምናውቀው ነው። ለሌሎች የሚያስተምር ሰው ደግሞ ይህን አብዝቶ ሊያደርግ ይገባዋል፤ ክፍሉን የሚያነብበው ለሰሚዎቹ ትምህርት ለማዘጋጀት ብቻ ከሆነ እርሱ ራሱ ሳይበላ ሌሎችን ሲያበላ ይውላል።

ትምህርቱን ካገኘሁ በኋላ ወደ ኑሮ የማመጣው እንዴት ነው?

ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው እንዴት እንደ ነበረ ከሚረሳ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። መርሳቱን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ትምህርታችን ከልክ በላይ ሰፊ መሆኑ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ሰውን ሁሉ እወዳለሁ» የሚል ውሳኔ የሚጀመርበት ቦታ ስለሌለው እስከ ምሽት አይቆይም። ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ያለውን ያስተውሉ፤ የገንዘቤን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መጠን አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ካጠፋበት ከራሱ ሥራ ጋርም ይገናኛል።

እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከክፍሉ በታች አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ በውስጡም የሰው ስም ወይም ሰዓት እንዲኖር እሞክራለሁ። ማቴዎስ 5፥23–24ን ባነበብሁበት ቀን የጻፍሁት «ዛሬ ከምሳ በፊት ለወንድሜ እደውላለሁ» የሚል ነበር። መባውን ትቶ ሄዶ መታረቅን የሚያዝዝ ክፍል አንብቤ ስለ ዕርቅ አስፈላጊነት ሁለት ገጽ ብጽፍ ኖሮ ስልኩን አላነሣም ነበር። ደወልሁ፤ ንግግሩ አጭርና የሚከብድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መነጋገር ጀመርን።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራ ሥራ አይሰጥም። አንዳንዱ እንድናመሰግን፣ አንዳንዱ እንድናለቅስ፣ አንዳንዱ በእግዚአብሔር ታላቅነት ፊት ዝም እንድንል ብቻ ይጠራናል። መዝሙር 88 በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ከእርሱ በግድ የደስታ ትምህርት የሚያወጣ ሰው መዝሙሩ ለተጨነቀ ሰው የሰጠውን የጸሎት ቃል ይነጥቀዋል።

ምንም ትምህርት ያላገኘሁበት ቀንስ?

ይኖራል፤ አያስደንግጥዎ። ያልገባዎትን ጽፈው ይለፉት። የትውልድ ሐረግ ዝርዝር አሰልቺ ሆኖ ከታየዎት ማቴዎስ 1ን ቀስ ብለው ያንብቡና በአባቶች ስም መካከል ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ሲያገኙ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ ሄደው ይፈልጉ። ያ ዝርዝር ጌታ ከየትኛው ቤተ ሰብ እንደ መጣ ለማሳየት እነዚህን ስሞች አልደበቀም።

ለዓመታት ያመንሁበትና ለሌሎችም ያስተማርሁት ትምህርት የተሳሳተ መሆኑን ባውቅስ?

በሐዋርያት ሥራ 18 ስለ አጵሎስ እናነብባለን። የእስክንድርያ ተወላጅ፣ በመጻሕፍት እውቀት የበረታና ጥሩ ተናጋሪ ነበረ፤ ስለ ኢየሱስ በትክክል ያስተምር የነበረ ቢሆንም የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። በምኵራብ ገልጦ ሲናገር ድንኳን በመስፋት የሚተዳደሩት ባልና ሚስት ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። በሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል ገለጡለት። አጵሎስ ተከራከረ የሚል ቃል አልተጻፈም። ቀጥሎ የተጻፈው ወደ አካይያ ሊሻገር እንደ ፈለገ፣ ወንድሞችም እንዳጸናኑትና እንዲቀበሉት ለደቀ መዛሙርት እንደ ጻፉለት፣ በደረሰም ጊዜ አምነው የነበሩትን በጸጋ እጅግ እንደ ጠቀማቸው ነው።